ከባሕር ጠረፍ የመጣ የሥራ ጥሪ

ባለፈው የሰኔ ወር በአንድ ማታ፣ ከጎረቤቶቻችን አንዱ የሆኑ ሽማግሌ አንዲት ወረቀት አጣጥፈው፣ በጋቢያቸው ጫፍ ቋጥረው ወደ ቤቴ መጡ። የመጨረሻ ሴት ልጃቸውን በአራተኛ ክፍል ንባብና ሒሳብ አስተምሬአታለሁ፤ ዛሬ የነርስነት ትምህርቷን በዲግሪ ፈጽማ በአንድ ሆስፒታል አራት ዓመት አገልግላለች። ቡናው እስኪቀርብ ድረስ ስለ ዝናሙ ስንጫወት ቆየንና፣ «መምህር፣ ልጄ ባሕር ዳር ሥራ ልታገኝ ነው» አሉኝ። እኔም የጣናዋ ባሕር ዳር መስላኝ፣ «እሰይ አባባ! በበዓል በበዓል ብቅ እያለች ትጠይቅዎታለች» ብዬ መለስሁ። እርሳቸው ግን ራሳቸውን ነቅንቀው፣ «የኛዋ አይደለችም፤ የእንግሊዝ አገር ባሕር ዳር ነው እንጂ» አሉና ወረቀቱን ፈትተው ሰጡኝ።

በወረቀቱ ላይ የተጻፈው ቃል አጭር ነበር። በእንግሊዝ አገር በአንዲት ትንሽ የባሕር ጠረፍ ከተማ ነርሶች በብርቱ ስለሚፈለጉ፣ በሦስት ወር ውስጥ ሥራ፣ መኖሪያ ቤትና የመግቢያ ፈቃድ እንደሚገኝ ይገልጽና፣ ለዚህ ሁሉ ድካም የሚከፈለውን ገንዘብ ይጠይቃል። የከተማይቱ ስም አልተጻፈም፤ የሆስፒታሉም ስም አልተጻፈም፤ የገንዘቡ ልክ ግን በፊደልም በአኃዝም ተጽፏል። ሽማግሌው ይህን ገንዘብ ለማግኘት የባለቤታቸውን ወርቅና ከከተማው ዳር ያለችውን ቁራሽ መሬት ለመሸጥ አስበዋል። «አንተ የቤተ ክህነቱንም የዘመናዊውንም ትምህርት ታውቃለህ፤ ይህ ነገር እውነት ነው ወይስ ሐሰት? አንድ ቃል ንገረኝ» አሉኝ።

ነገሩ በአንድ ቃል የሚመለስ አልነበረም። በወረቀቱ ውስጥ እውነትም አለ፣ ሐሰትም አለ፤ ክፋቱ ሐሰቱ እውነቱን ተንተርሶ መቆሙ ነው። ስለዚህ የጥቂት ቀን ጊዜ ለምኜ ጉዳዩን ከሥሩ ለመመርመር ሞከርሁ። ይህን የመሰለ ወረቀት የሚደርሰው ወደ አንድ ቤት ብቻ እንዳልሆነ ስለማውቅ፣ ያገኘሁትን ለወላጆችና ለወጣት ነርሶች ሁሉ ይጠቅም ዘንድ እነሆ አቀርበዋለሁ። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የጠረፍ ከተማ ስለ ምን ነርስ ያጥራታል?

በመጀመሪያ እውነቱን እንናገር። በእንግሊዝ አገር በባሕር ጠረፍ ያሉ ትንንሽ ከተሞች የነርስ እጥረት አለባቸው፤ ይህ ደላላ የፈጠረው ወሬ አይደለም። ምክንያቱን ለመረዳት ግን የከተሞቹን ታሪክ በአጭሩ መመልከት ያስፈልጋል።

በ19ኛው መቶ ዓመት የምድር ባቡር ሐዲድ ወደ ባሕር ጠረፍ በተዘረጋ ጊዜ፣ በፋብሪካ ጢስ ታፍኖ የሚኖረው የከተማ ሕዝብ በሙቀቱ ወራት አየር ለመለወጥ ወደ ባሕሩ መጉረፍ ጀመረ። ለምሳሌ ያህል ክሮመር የምትባለውን ከተማ እንውሰድ። ክሮመር በምሥራቅ እንግሊዝ በኖርፎክ ግዛት፣ በሰሜን ባሕር ዳር የምትገኝ፣ የነዋሪዋ ቁጥር ከ10,000 የማይሞላ፣ በሸርጣን አጥማጆቿ የታወቀች ትንሽ ከተማ ናት። በ1877 ባቡር ከገባላት በኋላ ትልልቅ ሆቴሎች ተሠሩባት፤ እንግዳም በዛላት። ከ1960ዎቹ ወዲህ ግን የአውሮፕላን ጉዞ እየረከሰ ሲሄድ፣ እንግሊዛዊው ሁሉ ፀሐይ ፍለጋ ወደ እስፓኝ መብረር አበዛ። በዚህ ምክንያት የብዙ የጠረፍ ከተሞች ገቢ ቀነሰ፤ በአንዳንዶቹም የቀድሞዎቹ ሆቴሎች ተከፋፍለው ለድኻ ሰው በርካሽ የሚከራዩ ክፍሎች ሆኑ።

ሥራ ሲቀንስ ወጣቱ ወደ ታላላቅ ከተሞች ይወጣል። በአንጻሩ ዘመኑን በሥራ ያሳለፈ ጡረተኛ ዕረፍትና ንጹሕ አየር ፈልጎ ወደ ጠረፍ ይመጣል። በ2021 በተደረገው የሕዝብ ቈጠራ፣ ክሮመር ባለችበት በሰሜን ኖርፎክ ወረዳ ከ100 ሰዎች 33ቱ ዕድሜአቸው 65 ዓመትና ከዚያም በላይ ሆኖ ተገኝቷል፤ በእንግሊዝና በዌልስ በጠቅላላው ግን ይህን ያህል ዕድሜ ያላቸው ከ100 ሰዎች 19 ያህሉ ብቻ ናቸው። ሽማግሌው ሲበዛ ሕመሙ ይበዛል፤ ወጣቱ ሲያንስ አስታማሚው ያንሳል።

ሁለተኛው ምክንያት የመሬቱ አቀማመጥ ነው። በየብስ መካከል ያለ ከተማ በአራቱም ማዕዘን መንደሮች ስላሉት ሠራተኛ ከየአቅጣጫው ይመጣለታል። የጠረፍ ከተማ ግን በአንድ ወገን ባሕር ብቻ ነው፤ ከዚያ በኩል ዓሣ እንጂ ነርስ አይመጣም። መንገዱም ባቡሩም የሚያልቀው እዚያው ስለሆነ፣ በሩቅ ከተማ የሚኖር ሰው ለሥራ ተመላልሶ ለመግባት ይቸገራል።

የእንግሊዝ ዋና የሕክምና ሹም የሆኑት ፕሮፌሰር ክሪስ ዊቲ በ2021 ባወጡት ዓመታዊ መግለጫ፣ ይህንኑ የጠረፍ ሕዝብ ጤና ጉዳይ ለብቻው መርምረውታል። በመግለጫው እንደ ተመለከተው፣ የጠረፍ አካባቢዎች ከሌላው ይልቅ በዕድሜ የገፋና በድኽነት የሚቸገር ሕዝብ ይዘው ሳለ፣ ከበሽተኛው ቁጥር ጋር ሲመዛዘን ከፍተኛ ሐኪሞቻቸው በ15 በመቶ፣ ነርሶቻቸውም በ7.4 በመቶ ከሌላው ስፍራ ያንሳሉ። የበለጠ አስታማሚ የሚያስፈልገው ቦታ ያነሰ አስታማሚ አለው ማለት ነው።

ሥራው በምን ዓይነት ይገኛል?

ብዙ ሰው ነርስ ሲባል በትልቅ ሆስፒታል በአልጋዎች መካከል የምትመላለሰውን ብቻ ያስባል። በትንሽ የጠረፍ ከተማ ግን ሥራው በአራት መልክ ይገኛል።

አንደኛው በትንሹ ሆስፒታል ውስጥ ያለው ነው። የክሮመር ሆስፒታል አንዲት ሴት በኑዛዜ በተዉት ብዙ ገንዘብ እንደ ገና ተሠርቶ በ2012 የተከፈተ ነው። በውስጡም ቀላል ጉዳት የደረሰበት ሰው ይታከማል፤ የዐይን ሞራ ይገፈፋል፤ የኩላሊት እጥበት ይደረጋል፤ ተመላላሽ በሽተኞችም ይታያሉ። ከባድ ሕመም የያዘው ሰው ግን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ወደሚገኘው ወደ ኖርዊች ሆስፒታል ይወሰዳል። እንግዲህ በእንዲህ ያለ ስፍራ የምትሠራ ነርስ፣ ለማን ቁስል መስፋት ብቻ እንደሚበቃውና ማን ሳይዘገይ በአምቡላንስ መሄድ እንዳለበት በራሷ ማስተዋል መለየት ይጠበቅባታል።

ሁለተኛው ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ ማስታመም ነው። ይህች ነርስ ማለዳ ተነሥታ፣ ዐይናቸው የደከመ የስኳር በሽተኛ ኢንሱሊናቸውን ትወጋቸዋለች፤ ከዚያ ወጥታ የአንዲትን አሮጊት የእግር ቁስል አጥባ ታስራለች፤ የሽንት ቱቦ ትለውጣለች፤ ከአልጋ የማይነሣውን ሰው ጀርባው እንዳይቆስል ትመለከታለች፤ ከሰዓት በኋላም ለሞት በተቃረበ ሰው አልጋ አጠገብ ቁማ የሕመም ማስታገሻውን ታስተካክላለች። ብዙዎቹ ልጆቻቸው በሩቅ ከተማ የሚኖሩ፣ ባል ወይም ሚስት የሞተባቸው ናቸው፤ በዚያ ቀን በራቸውን የምታንኳኳ እርሷ ብቻ ልትሆን ትችላለች። መንደሮቹ የተራራቁ ስለሆኑ መኪና መንዳት የማትችል ነርስ ለዚህ ሥራ አትመረጥም። ከአገራችን በተሰጠ የመንጃ ፈቃድ እስከ 12 ወር ድረስ መንዳት ይፈቀዳል፤ ከዚያ በኋላ ግን የዚያን አገር ፈተና ማለፍ ግድ ነው።

ሦስተኛው የአረጋውያን መጦሪያ ቤት ነው። መጦሪያ ቤቶቹ አብዛኛዎቹ በግል ድርጅቶች እጅ ያሉ ናቸው። የነርስ እንክብካቤ የሚሰጥባቸው ቤቶች ሌሊትም ቀንም የተመዘገበች ነርስ እንዲኖራቸው ይገደዳሉ፤ ስለዚህም ከህንድና ከፊልጵስዩስ የመጡ ብዙ ነርሶች በእንዲህ ያሉ ቤቶች ሲሠሩ ይገኛሉ። በሌሊቱ ተራ አንዲት ነርስ ከጥቂት ረዳቶች ጋር የቤቱን ሰው ሁሉ ኃላፊነት ብቻዋን ልትሸከም ትችላለች። አራተኛው ደግሞ በቤተሰብ ሐኪም ክሊኒክ ውስጥ ክትባት መስጠት፣ የደም ግፊት መለካት፣ የስኳርና የአስም በሽተኞችን መከታተል ነው።

ስለ ደመወዙ እንናገር። በመንግሥቱ የጤና አገልግሎት ውስጥ በእንግሊዝ አገር የአንዲት ጀማሪ ነርስ የዓመት ደመወዝ ከሚያዝያ 2025 ጀምሮ 31,049 ፓውንድ ነበር። የሳምንቱ ሥራ 37 ሰዓት ተኩል ነው። በሌሊትና በቅዳሜ ለሚሠራ ሰው 30 በመቶ፣ በእሑድ ለሚሠራ 60 በመቶ ይጨመርለታል። የግል መጦሪያ ቤቶች ግን በዚህ ስሌት አይገዙም፤ እያንዳንዱ በራሱ ውል ይከፍላል። ይህን ገንዘብ በብር መንዝሮ መደነቅ ቀላል ነው፤ ነገር ግን ከዚሁ ላይ ግብር፣ የመድንና የጡረታ መዋጮ፣ ከዚያም የቤት ኪራይ፣ የማሞቂያና የመኪና ወጪ ይነሣል። በጠረፍ ከተማ ደግሞ ብዙው ቤት ለሙቀቱ ወራት እንግዶች ስለሚከራይ፣ ዓመቱን ሙሉ የሚኖሩበት ቤት ማግኘት ከትንሽነቷ ጋር ሲነጻጸር ከባድ ነው። የእሑዱም ጭማሪ ለኛ ቤተሰብ ሐሳብ የሚያስገባ ነው፤ ተራው በእሑድ የደረሳት ነርስ ቅዳሴው ያልፍባታልና። በዓል ሲሆን የኛን ቤተ ክርስቲያን ፍለጋ ከክሮመር እስከ ለንደን በባቡር መሄድ የግማሽ ቀን መንገድ ነው።

ሦስቱ በሮች

አሁን ወደ ሽማግሌው ወረቀት እንመለስ። በወረቀቱ ላይ «ነርስ በብርቱ ይፈለጋል» የሚለው ቃል ሦስት የተለያዩ ነገሮችን አንድ አድርጎ ቀላቅሏል። እኔ ሦስት በሮች እላቸዋለሁ፤ አንደኛው ስለ ተከፈተ ሁለተኛው ይከፈታል ማለት አይደለም።

የመጀመሪያው በር ችግሩ ነው። ይህ በር ክፍት መሆኑን ከላይ አይተናል፤ የጠረፉ ሕዝብ አስታማሚ ያስፈልገዋል።

ሁለተኛው በር ክፍት የሥራ ቦታ ነው። ችግር መኖሩ ብቻ የሥራ ቦታ መኖሩን አያረጋግጥም፤ ለቦታው በጀት ሊመደብለት ያስፈልጋልና። ከጥቂት ዓመታት በፊት የእንግሊዝ ሆስፒታሎች ከውጭ አገር እጅግ ብዙ ነርሶችን ወስደው ነበር፤ ከ2024 ጀምሮ ግን አዲስ የሚገቡት ቁጥር በብዙ ቀንሷል። በ2025ም በዚያው አገር ተምረው የተመረቁ ብዙ ወጣት ነርሶች ሥራ ለማግኘት ስለ ተቸገሩ፣ በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር መንግሥቱ ተመራቂዎቹን የሚረዳ ዕቅድ እስከ ማውጣት ደርሷል። እንግዲህ በሽተኛው እየጠበቀ፣ ነርሷም ሥራ እየፈለገች፣ በመካከላቸው ገንዘብ ጠፍቶ ሁለቱ ሳይገናኙ ሊቀሩ ይችላሉ። ስለዚህ «ነርስ ያስፈልጋል» የሚል ወሬ ሳይሆን፣ የአሠሪው ስም፣ የሥራው ስፍራና ደመወዙ ተገልጾ በይፋ የወጣ ማስታወቂያ መፈለግ ይገባል። ማስታወቂያውም ከውጭ አገር ለሚመጣ ሰው የስፖንሰርነት ወረቀት እንደሚሰጥ ወይም እንደማይሰጥ መመርመር ያስፈልጋል።

ሦስተኛው በር ፈቃድ ነው፤ ይህም ሁለት ሳንቃ አለው። አንደኛው የሙያ ፈቃድ ነው። በዚያ አገር ማንም ሰው በነርሶችና በአዋላጆች ምክር ቤት መዝገብ ላይ ሳይጻፍ ነርስ ሆኖ ሊሠራ አይችልም። ለመመዝገብ በመጀመሪያ የእንግሊዝኛ ችሎታ ይጠየቃል፤ አይልትስ በሚባለው ፈተና በማንበብ፣ በማዳመጥና በመናገር 7፣ በመጻፍ 6.5 ማግኘት ያስፈልጋል። በዚህ ፈንታ ለጤና ባለሙያዎች የተዘጋጀውን ኦ.ኢ.ቲ. የተባለ ፈተና መውሰድም ይቻላል። ቀጥሎ በኮምፒዩተር የሚሰጥ የሒሳብና የነርስነት ዕውቀት ፈተና አለ፤ ይህን ወደ እንግሊዝ ሳይሄዱ መውሰድ ይቻላል። የመጨረሻው ኦስኪ የሚባለው የተግባር ፈተና ነው፤ ይህ የሚሰጠው በዚያው አገር ውስጥ ብቻ ሲሆን፣ ተፈታኟ በ10 ጣቢያዎች እየተዘዋወረች በሽተኛን መመርመር፣ የእንክብካቤ ዕቅድ ማውጣት፣ መድኃኒት መስጠትና ሌላውንም ሥራ በፈታኞች ፊት ትሠራለች። እስከ 2025 በነበረው ዋጋ የኮምፒዩተሩ ፈተና 83 ፓውንድ፣ የተግባሩ ፈተና 794 ፓውንድ ነበር። የተግባሩን ፈተና አልፋ እስክትመዘገብ ድረስ ብዙውን ጊዜ የምትሠራው በረዳትነት ማዕረግና ደመወዝ ነው።

ሁለተኛው ሳንቃ የመግቢያ ፈቃድ ነው። ይህ የሚሰጠው ሕጋዊ አሠሪ የስፖንሰርነት ምስክር ወረቀት ለሰጣት ነርስ ነው። እዚህ ላይ በነርስና በረዳት አስታማሚ መካከል ያለውን ልዩነት ሳንረሳ እንለፍ። በ2022 ለረዳት አስታማሚዎች የተከፈተው መንገድ ብዙ ሰው ሲያስገባ ቆይቶ፣ ከመጋቢት 2024 ጀምሮ አዲስ የሚገቡት ቤተሰብ ይዘው እንዳይመጡ ተከለከለ፤ ከሐምሌ 22 ቀን 2025 ጀምሮ ደግሞ ከውጭ አገር ለሚመጣ አዲስ ሰው ፈጽሞ ተዘጋ። ስለዚህ ዛሬ በዚያ በተዘጋ መንገድ «በረዳትነት ትግባና በኋላ ነርስ ትሆናለች» እያለ ገንዘብ የሚቀበል ሰው፣ የሌለ በር ይሸጣል።

ደላላው ሊነግራችሁ የማይወደው ነገር

የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 ባወጣው ዝርዝር የጤና ሠራተኛ እጥረት አጥብቆ የሚያሠጋቸውን 55 አገሮች ለይቷል፤ ኢትዮጵያም ከእነዚህ አንዷ ናት። የእንግሊዝ መንግሥት ይህን ዝርዝር ተከትሎ ባወጣው ደንብ፣ አሠሪዎችና ወኪሎች በእነዚህ አገሮች እየዞሩ ነርስ እንዳይመለምሉ ከልክሏል። ነርሷ ራሷ፣ በራሷ ስም፣ ማንም ሳይመለምላት በይፋ ለወጣ ቦታ በቀጥታ ለአሠሪው ብታመለክት ግን አልተከለከለችም። ከዚህም በላይ፣ ሥራ ፈላጊውን «ሥራ አገኝልሃለሁ» ብሎ ገንዘብ ማስከፈል በዚያ አገር ሕግ የተከለከለ ነው፤ የስፖንሰርነት ወረቀትም እንደ ሸቀጥ አይሸጥም።

እንግዲህ የሽማግሌውን ወረቀት በዚህ ሚዛን እንመዝነው። ወረቀቱ የመጣው ምልመላ ወደ ተከለከለበት አገር ነው፤ የሚጠይቀውም መጠየቅ የማይፈቀድለትን ገንዘብ ነው፤ የተስፋውም ቃል ማንም ሰው ለሌላው ሊያልፍለት የማይችለውን ፈተና ዘልሎታል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደ ተባለ፣ በሦስት ወር ውስጥ እሄዳለሁ ብሎ የቸኮለ ሰው ያፈሰሰውን ለመልቀም ዓመታት ሊፈጅበት ይችላል። አንዳንዶች ገንዘባቸውን ከፍለው በአገራቸው ቀርተዋል፤ ሌሎችም ሄደው የተባለው ሥራ ሳይኖር በብድር ተይዘው ተቸግረዋል።

ስለዚህ ወላጅም ሆነ ነርሷ ወረቀት ሲደርሳቸው አራት ጥያቄ ይጠይቁ። የአሠሪው ስም ማን ነው፣ የከተማይቱስ? ገንዘብ የሚከፈለው ለማን ነው፤ ለፈተናው ተቋም ነው ወይስ ለግለሰብ? ውሉ ላይ ነርሷ ሥራውን ብትለቅ የምትመልሰው ገንዘብ ተጽፏል ወይ፣ ልኩስ ስንት ነው? የቀረበላት የተመዘገበች ነርስ ሥራ ነው ወይስ የረዳት? ለእነዚህ ለአራቱ ጥርት ያለ መልስ የማይሰጥ ሰው፣ ገንዘብ ሊቀበል አይገባውም።

ስለሚቀረው ሕመምተኛ

አንድ ነገር ሳልጽፍ ባልፍ ግን ጽሑፌ ጎደሎ ይሆናል። አገራችን በዚያ ዝርዝር ውስጥ የገባችው የኛም አልጋ አስታማሚ ስለሚያጥረው ነው። አራት ዓመት በሥራ የበሰለች ነርስ ስትሄድ፣ በማዋለጃው ክፍል የሚቀረው ቦታ በማግሥቱ በአዲስ ተመራቂ አይሞላም። በሌላ ወገን ደግሞ ተመርቀው ቅጥር የሚጠብቁ፣ ተቀጥረውም ደመወዛቸው ለኪራይ የማይበቃቸው ወጣቶች እንዳሉ እናውቃለን። እነርሱን «አትሂዱ» ብሎ መገሠጽ ብቻ ከእኛ አይጠበቅም፤ እንዲቀሩ የሚያስችላቸውን ደመወዝና ክብር መስጠት የአሠሪዎቻቸው ዕዳ ነው።

በእንግሊዝ አገር ነርስነት መማር ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ በስደቱ ዘመን በለንደን በግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል የነርስነት ትምህርታቸውን ተምረው በ1939 ፈጽመዋል። ከነጻነት በኋላ ወደ አገራቸው ተመልሰው ሳለ በ1942 በወጣትነታቸው አረፉ፤ በስማቸው የተሠራውም ሆስፒታል በ1951 በአዲስ አበባ ተከፈተ። የንጉሥ ልጅ የበሽተኛ አልጋ ማንጠፍን እንደ ውርደት አለመቁጠራቸው፣ ለዚያ ዘመን ወላጆች ታላቅ ትምህርት ነበር። ለዛሬዎቹ ደግሞ ሌላ ነገር ያስተምራል፤ ባሕር ተሻግሮ የተገኘ ዕውቀት ወደ አገር የሚመለስበት መንገድ ሊኖር እንደሚችል ያሳያል።

ልጅቱ የተናገረችው

ይህን ሁሉ ይዤ በሳምንቱ ወደ ሽማግሌው ቤት ሄድሁ። ባልና ሚስቱ አጠገብ ለአጠገብ ተቀምጠው፣ ልጅቱም ከሌሊት ተራ ገና መመለሷ ነበርና ዐይኗ እንደ ደከመ ቡና ታፈላ ነበር። ያገኘሁትን አንድ በአንድ ስነግራቸው፣ አባትዮው ብዙ ጊዜ ዝም ብለው ቆዩና፣ «እንግዲህ ሐሰት ነዋ» አሉ። እኔም፣ «አባባ፣ ከተማዎቹ እውነት ናቸው፤ በሽተኞቹም እውነት ናቸው፤ ወረቀቱ ግን ሐሰት ነው» አልኋቸው።

በዚህ ጊዜ ልጅቱ ጀበናውን አስቀምጣ፣ «መምህር፣ ወረቀቱን ያመጣሁት እኔ አይደለሁም» አለች። ያመጣው የአጎቷ ልጅ ኖሯል። እርሷ ግን ከስድስት ወር ጀምሮ ለእንግሊዝኛው ፈተና በየማታው ስታጠና፣ የመፈተኛውንም ገንዘብ ከደመወዟ ጥቂት በጥቂት ስታጠራቅም ቆይታለች። ለምን እንዳልተናገረች እናቷ ሲጠይቋት፣ «እማዬ፣ ብወድቅ እንዳታዝኚ፣ ባልፍም ወርቅሽን እንዳትሸጪ ብዬ ነው» ስትል መለሰች።

በዚያ ማታ በቤቱ የተወሰነው ይህ ነው። መሬቱም ወርቁም አይሸጥም። ልጅቱ ፈተናውን በራሷ ገንዘብ ትፈተናለች፤ ብታልፍ ከታወቀ አሠሪ በይፋ ለወጣ ቦታ በራሷ ስም ታመለክታለች፤ ባታልፍ ወይም ቦታ ባይገኝ፣ የጠፋው የፈተናው ዋጋ ብቻ ይሆናል፤ የተማረችው እንግሊዝኛም አብሯት ይቀራል። እስከዚያው ድረስ በሥራዋ ላይ ትቆያለች። አባትዮው በሩ ድረስ ሊሸኙኝ ወጥተው፣ «ብትሄድስ ያቺ ከተማ ብርድ አለባት?» ብለው ጠየቁኝ። «አለባት አባባ፤ በክረምታቸው ከቀኑ በዐሥር ሰዓት ይመሻል፤ ነፋሱም ከባሕሩ ነው የሚመጣው» አልኋቸው። ጥቂት አሰቡና፣ «እንግዲያስ ከመሬቱ ዋጋ ይልቅ አንድ ወፍራም ጋቢ ይሻላታል» አሉ።

ይህን እስከ ጻፍሁበት ቀን ድረስ የፈተናው ውጤት አልመጣም። የእናቲቱ ወርቅ ግን በአንገታቸው ላይ ነው፤ ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ ሲመለሱ አይቼዋለሁ።